የቶራ ነጭ ሴሎች

ኖርዳቪክ፣ ፋሮ ደሴቶች
ሴፕቴምበር 4 ቀን 1978

ለአክስቴ ለኤልስፓ የልጅ ልጅ፣ ለማርዩን፦

ባለሽበት ሁሉ ጤናና ሰላም አይለይሽ። እኛ ከዝናቡ በቀር የምናማርረው የለንም ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ። ነገር ግን አራተኛ ክፍል ሳስተምርሽ «ዋናውን ነገር በመጀመሪያው መስመር ጻፉ» እያልኩ አስቸግራችሁ ስለነበር ራሴ ወደኋላ ማለት አልችልም። ቶራ ታማለች።

ቶራን ያየሻት ትንሽ ልጅ ሳለች ነው። አሁን ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗታል። የልጄ ልጅ ብትሆንም እናትና አባቷ ካረፉ ወዲህ እሷንም ወንድሟን ዳንያልንም ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ። ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ ትሠራ ነበር። በጋው መግቢያ ላይ ቢላ አውራ ጣቷን ጫር አደረጋት፤ እስከ ዛሬ አልዳነም። የሚገርመው ቁስሉ አይቀላም፣ አይመግልም። ጠርዙ እየጠቆረ ዝም ብሎ ይሰፋል። ሐኪሙ መድኃኒት ሲሰጣት ይቆማል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይቀጥላል። በልጅነቷም ድዷና ጆሮዋ እንዲህ ያደርጓት ነበር። ቀዘፋ የተወችውም መዳፏ ውሃ በቋጠረ ቁጥር ወደ ቁስል እየተለወጠ ስላስቸገራት ነው። በመንደራችን የሴቶች ጀልባ ላይ መቅዘፍን ደግሞ የምታስበልጥበት ነገር አልነበራትም።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ደሟን መርምሮ አንድ ነገር ነገረን። ነጭ የደም ሴሎቿ ብዙ ናቸው፤ ቁስሉ ዘንድ ግን አይደርሱም አለ። ቶራ ይህን ስትሰማ፣ «እንደ ዳንያል ናቸዋ፤ ሥራ አለ ሲባል መንገዱ ይጠፋቸዋል» አለች። ዳንያልም፣ «እኔ ቢያንስ የምሳ ሰዓት አልስትም» አላት። ሐኪሙ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልሆነልኝም።

ኮፐንሃገን ውስጥ ሴሎች ሲሄዱ በማይክሮስኮፕ የሚከታተሉ ሰዎች አሉ አለን። እናትሽ የነገረችኝ ያንቺ ሥራ ይኼው አይደለም እንዴ? እንግዲህ ሴል እንዴት እንደሚሄድ በሚገባኝ ቋንቋ ጻፊልኝ። ከተቻለም የቶራን ሴሎች እዩልን።

እግዚአብሔር የእጅሽን ሥራ ያቅናልሽ።

አጎትሽ ሳማል


ኮፐንሃገን፣ ሴፕቴምበር 19

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ሳማል፦

እንደምን ከርመዋል? እኔ ደህና ነኝ። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍዎን ሳየው ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ከስንት ዓመት በኋላም ይህ ልማድ አልለቀቀኝም። ስለ ቶራ ያነበብኩት ግን አሳዝኖኛል። እግዚአብሔር ይማርልን።

ነጭ ሴል እግር የለውም። ገላውን ወደፊት እየዘረጋ የሚሳብ ነገር ነው። ቁስል ውስጥ የገባው ተህዋሲ የሚለቀውን ነገር ያሸታል ብንል ብዙ አንሳሳትም። ሽታው ወደበረታበት ወገን ይሳባል። እኛ ያንን ሽታ የሚመስል፣ በሰው እጅ የተሠራ ውህድ አለን። አንዲት ትንሽ ዕቃም አለችን፤ ላይኛና ታችኛ ክፍል አላት፤ መካከላቸውን በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያለው ስስ ወረቀት ይለያቸዋል። ከላይ ሴሎቹን፣ ከታች ውህዱን እናደርጋለን። ጥቂት ሰዓት ቆይተን ወረቀቱን ቀለም ውስጥ ነክረን እናያለን። ጤነኛ ሴሎች በቀዳዳው ሾልከው ታች ተሰብስበው እናገኛቸዋለን።

አለቃዬን ፕሮፌሰር ቪንተርን ጠየቅሁት፤ ፈቅዷል። ሐኪሙ ደሙን ይቅዳና በዚያው ቀን አውሮፕላን ይላክልኝ። እነዚህ ሴሎች ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ መንገድ ላይ ማደር የለበትም። ጭጋግ ከሌለ ይደርሳል።

ቶራን ሳሙልኝ። ለዳንያልም ሰላምታዬ ይድረስ።

ታዛዥዎ ማርዩን


ኖርዳቪክ፣ ኦክቶበር 5

ለማርዩን፦

ጸጋና ጤና ይብዛልሽ። ማብራሪያሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድም ትርፍ ቃል አላገኘሁበትም።

ደሙ ዛሬ ጠዋት ተቀድቶ ሄዷል። ጠርሙሶቹን ያሸገው ዳንያል ነው። በዓሣ ሣጥን ውስጥ ከሥርም ከላይም በረዶ አልብሶ፣ በጀልባ ወስዶ፣ ለአውሮፕላኑ ሰዎች በእጃቸው አስረክቧል። «ለእንግሊዝ ገበያ የሚሄድ ዓሣ እንኳ እንዲህ ያለ ክብር አላገኘም» ይላል።

ቶራ ፋብሪካውን ትታ የመንደሩ ሱቅ ውስጥ ገብታለች። ስኳር ትመዝናለች፤ ስልክ ሲደወል ታነሣለች። ሥራው አልከበዳትም፤ ግን ከመስኮቱ ወደቡ ይታያል፤ ጀልባ ሲወጣ ፊቷን ታዞራለች።

ውጤቱን ስትጽፊልኝ ምንም አታለስልሺ።

ሳማል


ኮፐንሃገን፣ ኖቬምበር 2

ለተከበሩ አጎቴ፦

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለተኛው ደም ለምን እንዳስፈለገ ሐኪሙ አጭሩን ነግሯችሁ ይሆናል፤ ዝርዝሩ ይህ ነው። በረዶ ነጭ ሴሎችን ያደነዝዛቸዋል። ፕሮፌሰር ቪንተር ሣጥኑን ሲከፍት፣ «ማርዩን፣ ዘመዶችሽ ልጅቷን ለገበያ አቅርበዋታል እንዴ?» አለኝ። ሴሎቹ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ዳንያል እንዳይከፋው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከደሴታችን የሚወጣ ነገር ሁሉ በበረዶ እንደሚጫን እያወቅሁ አላስጠነቀቅኋችሁም። እዚህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ስለሆነ መጻፍ ያለበት አልመሰለኝም።

ሁለተኛው በሱፍ ካልሲ ተጠቅልሎ ደህና ደረሰ። ለማነጻጸር የራሴን ደም አጠገቡ አደረግሁ። የእኔ ሴሎች ታች ሞልተው ሳለ የቶራ ጥቂት ብቻ ወርደዋል። የቀሩት ከላይ ተኝተዋል። እንግዲህ ሐኪማችሁ ልክ ነበር።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ልንገርዎ። የሴሎችን ጉዞ ያፋጥናሉ የሚባሉ ውህዶችን እየቀያየርን ከሴሎቿ ጋር ቀላቀልን። አንደኛው ላይ የቶራ ሴሎች ነቁ። ከእኔ እኩል ወረዱ። ማይክሮስኮፑን ትቼ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ትንሽ ቆምኩ። ያ ውህድ ምን እንደሆነ ቢያውቁ ይስቃሉ፤ በየመጋዘናችን ያለው፣ በጎቹን በመኸር የምንግታቸው የትል መድኃኒት ነው።

ፕሮፌሰሩ ገና ማንም አይስማ ብሏል። እኔ ግን ለእርስዎ ሳልነግር ማደር አልቻልኩም።

አክባሪዎ ማርዩን


ኖርዳቪክ፣ ኖቬምበር 24

ለማርዩን፦

እግዚአብሔር እንዳስደሰትሽን ያስደስትሽ። ደብዳቤሽን ቶራ ራት ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችልን። «ከእኔ እኩል ወረዱ» የሚለው ላይ ስትደርስ አቁማ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

የበግ እርድ አልቋል፤ ሥጋው ማድረቂያው ጎጆ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ነፋሱ ዘንድሮ ጥሩ ነው። አንድ ጭን ለገና በመርከብ እልክልሻለሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ የአስተማሪ ጉጉት ነው ብለሽ እለፊው። ያ ውህድ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ከከረመ ኃይሉ ይቀንሳል? ሴሎቹ ላይ ስታደርጉትስ በውሃ ነው የምታሟሙት ወይስ በሌላ ነገር?

ቶራ ደህና ናት። መልካም ተስፋ አድሮባታል። በሐምሌ ክብረ በዓል የጀልባ ውድድር ላይ ማን የትኛው መቅዘፊያ ላይ እንደሚቀመጥ ከወዲሁ ከልጃገረዶቹ ጋር ትከራከራለች።

ሳማል


ኮፐንሃገን፣ ዲሴምበር 14

ለተከበሩ አጎቴ፦

የጌታችን የልደት በዓል በሰላም ያድርሳችሁ። ሥራ ስለበዛብኝ በአጭሩ እጽፋለሁ።

ለጥያቄዎ፦ ብርድ አይጎዳውም። በውሃ ይሟሟል።

ሙከራውን እየደጋገምነው ነው። ገና የምንፈትሸው ነገር አለ። ለቶራ ስስ የላስቲክ ጓንት በዚህ ጥቅል ልኬያለሁ፤ ሱቁ ውስጥ ሣጥን ስትከፍት ታድርገው።

ሥጋው ደርሷል። ሽታው ደረጃውን ሁሉ ስላዳረሰው ጎረቤቴ የሞተ ነገር አለ ብላ በር አንኳኳች። አቀመስኳት፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም አትለኝም።

ማርዩን


ኖርዳቪክ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1979

ለማርዩን፦

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልሽ። ጓንቱ ደርሷል፤ ቶራ አመስግኑልኝ ብላለች።

የቶራ አውራ ጣት ደርቋል። ጥቁሩ ጠርዝ ረግፎ ከሥሩ አዲስ ቆዳ ወጥቷል። ሐኪሙ በዲሴምበር መጀመሪያ የተለመደውን መድኃኒት ሰጥቷት ነበር፤ በዓሉ ሳይገባ ግን አይቶት ተገረመ። ምክንያቱን አልጠየቀም፤ እኛም አልነገርነውም። ዳንያል አሮጌውን መቅዘፊያዋን ከጀልባው ቤት አውርዶ ጠርቦ አስተካክሎላታል። «ለራሴ ስል ነው፤ ደግሞ ከተሸነፍሽ ክረምቱን ሙሉ ለቅሶሽን የምሰማው እኔ ነኝ» አላት።

ከትናንት ጀምሮ ጉሮሮዋን አሟታል። አፏ ውስጥም ትንንሽ ቁስል አለ። ብርድ ይመስለኛል፤ መንደሩ ሁሉ ያስላል።

ባሕሩ ስለከፋ የፖስታ ጀልባው መቼ እንደሚወጣ አላውቅም።

ሳማል


ኮፐንሃገን፣ ጃንዋሪ 12

ለተከበሩ አጎቴ፦

ይህ ደብዳቤ በሰላም ያግኛችሁ። ከገና በፊት ልጽፈው የሚገባኝን ነው አሁን የምጽፈው።

በመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝ አንድ ማረጋገጫ ነበር። ሽታ የሚመስለውን ውህድ ከታች ብቻ ሳይሆን ከላይም እኩል እናደርጋለን። ያን ጊዜ ለሴል የሚሄድበት ወገን የለውም፤ ሽታው በሁሉም በኩል አንድ ነው። ጤነኛ ሴሎች እንዲህ ሲሆን አብዛኞቹ ካሉበት ብዙ አይርቁም። የእኔም እንደዚያ ሆኑ። የቶራ ሴሎች ግን የበጎቹ መድኃኒት ሲቀላቀልባቸው እንደ በፊቱ በብዛት ወረዱ። እንግዲህ ሽታውን ተከትለው አልነበረም። መድኃኒቱ እንዲራወጡ ያደርጋቸዋል እንጂ መንገድ አያሳያቸውም። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ በተራወጡ ቁጥር አንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ይወድቃል። እኔ የታየኝ እሱ ነበር። ቸኩዬ ደስ አለኝ።

ያልጻፍኩልዎት ሌላም አለ። ይህን መድኃኒት ለሰው የሚሰጡ ሐኪሞች ደም ሳይመረምሩ አይሰጡትም፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሰው ላይ ነጭ ሴሎችን ጨርሶ ያጠፋል። እዚህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።

ስለ ብርድና ስለ ውሃ የጠየቁኝ ለማወቅ ያህል ብቻ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ካልሆነ ግን ይህን እንዳነበቡ ያስቁሟት፤ ሐኪሙም ይጠራ። ለመደወል ስልኩን አንስቼ ነበር። የምታነሣው ቶራ እንደሆነች ሳስብ መለስኩት።

ማርዩን


ኖርዳቪክ፣ ፌብሩዋሪ 11

ማርዩን፦

እግዚአብሔር ያበርታሽ፤ እኛንም።

ቶራ ጃንዋሪ 20 ቀን ዐረፈች። ከእናትሽ ሰምተሻል፤ ከእኔም መስማት ስላለብሽ ነው የምጽፈው።

ጉሮሮዋ በታመመ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረታ። ጭጋግ ስለነበር ሄሊኮፕተር አልመጣም፤ ዳንያል በጀልባ ወሰዳት። ሆስፒታሉ ደሟን አይቶ ነጭ ሴል የለም አለን። አንሷል አላሉንም፤ የለም ነው ያሉን። ምን እንደወሰደች ሲጠይቁን ነገርናቸው። ሐኪሟ፣ ወጣት ሴት ናት፣ እርሳሷን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። የጃንዋሪ 12 ደብዳቤሽ የደረሰን ከቀብር በተመለስን ማግስት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ስልክ እንደደወልሽም ባለሱቋ ከስልክ ማዕከሉ ሰምታ ነግራኛለች። እሷ ያን ዕለት ሱቁን ዘግታ ለለቅሶ እኛ ዘንድ ነበረች።

አጀማመሩን ልንገርሽ። ያን የደስታ ደብዳቤሽን አንብባ ስትጨርስ፣ «መጋዘን ሄዳችሁ ጣሳውን አምጡልኝ» አለች። ዳንያል በጨዋታ የተናገረችው መስሎት ሳቀ። እዚህ አገር አንቺ እንደምታውቂው የላሟ ቅባት ለእጃችን ነው፣ የፈረሱ መድኃኒት ለወገባችን ነው። ሐኪም ከመጥራታችን በፊት ሁላችንም መጋዘን እንገባለን። ሲነጋ እንደገና ጠየቀችኝ። «አባባ፣ በጎቹ ጠጥተውት ያበጠ የለም። በሐምሌ ልቅዘፍ ወይስ ዕድሜ ልኬን ስኳር ልመዝን?» አለችኝ። የመጀመሪያውን ስትጠጣ ደግሞ፣ «ሱፍ ካበቀልኩ እርስዎ ይሸልቱኛል» አለች።

እየለካሁ የሰጠኋት እኔ ነኝ። በበግ ልክ አልሰጠኋትም፤ ለክብደቷ አስልቼ፣ ቀንሼ፣ በውሃ አሟሙቼ ነው። ሂሳቡን ለሆስፒታሉ ሐኪም አሳየኋት። ስህተት የለበትም አለችኝ።

ዳንያል አያናግረኝም። ምግቡን ይዞ ወደ ጀልባው ቤት ይሄዳል።

አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። መድኃኒቱን ባትወስድ ኖሮ ቶራ ትኖር ነበር ወይ? መልሱን ከምታውቂው ነገር ተነሥተሽ ጻፊልኝ።

ሳማል


ኮፐንሃገን፣ ፌብሩዋሪ 25

ለምወድዎት አጎቴ፦

እግዚአብሔር ነፍሷን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ እርስዎንም ያጽናናዎት። እስካሁን ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

ለጥያቄዎ፦ አትኖርም ነበር። ሴሎቿ ቁስል ዘንድ የማይደርሱ ሰው ዛሬ ከጣቷ ብትድን ነገ በሳንባዋ ይመጣባታል። ሕመሙ ከእርስዎ እጅ በፊት የነበረ ነው። ይህን ክረምት አታልፍም ነበር። ስለዚህ ራስዎን አይክሰሱ፤ ዳንያልም እንዳይከስዎ ይህን ያሳዩት።

እኔ ከላቦራቶሪው ፈቃድ ወስጃለሁ። ቤት ነኝ።

ማርዩን


ኖርዳቪክ፣ ማርች 9

ለማርዩን፦

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ለዳንያል አሳየሁት። ቆሞ አነበበው። «እንግዲያ መሞቷ ላይቀር ነበር» አለ። ማታ ድንቹን ቀቅሎ ወደ ጀልባው ቤት ሳይሄድ ከፊቴ ተቀመጠ። ከቀብሩ ወዲህ አብረን ስንበላ ያ የመጀመሪያው ነው። ጨው አቀበለኝ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም።

በማግስቱ የጻፍሽልኝን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ በተራ ዘርግቼ አነበብኩ። ከሴሎቿ ጥቂቶቹ ይወርዱ ነበር ብለሻል። ጥቂት ማለት ምንም ማለት አይደለም። በእነዚያ ጥቂቶች ሃያ ሦስት ዓመት ኖራለች፤ ኩፍኝ አልፋለች፣ የሳንባ ምች አልፋለች። ጣቷ የደረቀውም ሐኪሙ በዲሴምበር በሰጣት መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል አሁን ገብቶኛል። ያቺ ትንሽ ዕቃችሁ አንድ ሴል ወዴት እንደሚሄድ ታሳያለች እንጂ ሰው ክረምቱን ያልፍ እንደሆነ አታሳይም። ታዲያ «አታልፍም ነበር» የሚለውን ከየት አመጣሽው?

ለእኔ አዝነሽ እንደጻፍሽው አውቃለሁ። ውለታሽን አልረሳም። ነገር ግን ዳንያል ማዕዴ ላይ የተቀመጠው በዚያ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም ልክ አይደለም። እሱ ጨው ባቀበለኝ ቁጥር ይህን እያወቅሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ዕድሜዬ ረዝሟል፤ የቀረኝን እንዲህ ልበላው አልፈልግም።

አስተካክለሽ ጻፊው። ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ።

ሳማል


ኮፐንሃገን፣ ማርች 20

ለተከበሩ አጎቴ፦

ትኖር ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንደ ድሮው እየቆሰለች፣ እየታከመች፣ በየክረምቱ እየፈራናት ትኖር ነበር። እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የገደላት ሴሎቿን ያጠፋው መድኃኒት ነው፤ ወደ መድኃኒቱ የላካት ደግሞ የእኔ ደብዳቤ ነው። የኖቬምበር ጥያቄዎ ሲደርሰኝ ለምን እንደጠየቁኝ ገብቶኝ ነበር። እንዳልገባኝ ሆኜ «በውሃ ይሟሟል» ብዬ መለስኩልዎት። ያን ጊዜ ሙከራው ስህተት እንደሆነ መጠርጠር ጀምሬ ነበር፤ አለቃዬ ሳይወስን ስህተቴን ማውጣት አፈርኩ። ምናልባት ልክ ሆኖ ይገኝ ይሆናል፣ ምናልባትም ይጠቅማት ይሆናል እያልኩ ቀኑን አሳለፍኩ። ይህን ለዳንያልም ያንብቡለት። ሁሉም በእርስዎ ላይ አይውደቅ።

ፕሮፌሰር ቪንተር የቶራን ነገር ለሌሎች ሐኪሞች ማሳወቂያ እንዲሆን ልንጽፈው ይገባል ይላል። ስሟ አይጠቀስም። ፈቃዳችሁ ካልሆነ አልጽፈውም፤ በደብዳቤ ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ ሰልችቶኛል። በመጪው ወር በመጀመሪያው መርከብ እመጣለሁ። ማንም እንዲቀበለኝ አልጠብቅም። መቃብሯን አይቼ፣ ጥያቄዬን ፊት ለፊት ጠይቄ፣ በዚያው መርከብ እመለሳለሁ።

ማርዩን


ኖርዳቪክ፣ ኤፕሪል 2

ለማርዩን፦

መንገድሽ የቀና ይሁን።

ደብዳቤሽን ለዳንያል አነበብኩለት። በመካከሉ ተነሥቶ ወጣ፤ ሳህኑ እንደሞላ ቀረ። እስከ እሑድ ድረስ አላየሁትም። እሑድ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ሳይገባ፣ «እውነቱን እንድትጽፍ ራስዎ ነዎት የጠየቋት?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ይቅር ብዬዎታለሁ ማለት አልችልም» አለ። አልጠየቅሁህም አልኩት። ቀጥሎ የምትመጪበትን ቀን ጠየቀኝ።

ለምትጽፉት ጽሑፍ ሁለታችንም ፈቅደናል። ልኬቱ ትክክል እንደነበር አትርሱ፤ ካልሆነ አንባቢው ጥፋቱ መብዛቱ ነው ብሎ፣ አነስ አድርጎ ይሰጣል።

በዚያው መርከብ መመለስ አይሆንም። የቶራ አልጋ ተነጥፏል። ወደቡ ላይ ዳንያል ይጠብቅሻል። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል ላይናገርሽ ይችላል። ሻንጣሽን ግን ይሸከማል፤ አትከልክይው።

ሳማል